ሠላሳ አራት ፋሲካ

በሁለት ሺህ ሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ደሴ ውስጥ፣ ዳቦ ለመግዛት መጀመሪያ እጀታ መጨበጥ ያስፈልጋል። እጀታው ከዳቦ ቤቱ በር ላይ በደረት ከፍታ ተተክሏል። ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖረ ሰው ጨብጦ እስከ ሦስት ይቆጥራል፤ ከላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ቁጥር ታወጣለች፤ ከዚያ በሩ ይከፈታል። ቁጥሩ ሰውየው ከተወለደ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አይናገርም። ልቡ፣ ጡንቻውና ደም ሥሩ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ነው የሚናገረው። ሰዉ "የሥጋ ዕድሜ" ይለዋል። በመታወቂያ ላይ የሚጻፈውም እሱ ነው፤ የልደት ቀን መጻፍ ከቀረ ቆይቷል።

መርፌው የመጣ ጊዜ አገሩ እልል ብሎ ነበር። ጉልበት የማይከዳበት፣ ልብ የማይደክምበት እርጅና ተገኘ ተባለ፤ እውነትም ተገኝቶ ነበር። በዚያ ማንም አልዋሸም። ሕጉ የወጣው ሰዉ ሁሉ ተወግቶ ካለቀ በኋላ ነው። የሥጋ ዕድሜው ከሃምሳ አምስት በታች የሆነ ማንኛውም ሰው ለሥራ ብቁ ነው፤ ጡረታ የለውም፤ የሥጋ ዕድሜ ጽሕፈት ቤት ወደ መደበው ቦታ ይሄዳል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ከዚህ የረዘመ ነገር የለውም።

ስለዚህ በየማለዳው ከሆጤ ወደ ሰኞ ገበያ የሚያወርደው መንገድ በሚያነክስ ሰው ይሞላል። እግረኛ መንገዱም እርምጃ ይለካልና። ሲፈልጉ የጦሳን ተራራ ወጥተው የሚወርዱ የሰማንያ ዓመት ሰዎች እግራቸውን እየጎተቱ፣ ወገባቸውን እየያዙ፣ በየአሥር እርምጃው እየቆሙ ይወርዳሉ። እጀታው ዘንድ ሲደርሱ በሁለት ጣት ነካ ያደርጉታል። ዳቧቸውን ይዘው ሲመለሱ ደግሞ መንገዱ የማይለካበት ቅያስ ውስጥ ይገቡና ቀጥ ብለው፣ እያወሩ፣ እየተሳሳቁ ወደ ቤታቸው ይፈጥናሉ።

ሶልያና ማነከሱን ከማንም በላይ ትችልበታለች። ዕድሜ ልኳን ነርስ ነበረች፤ የታመመ ጉልበት እንዴት እንደሚራመድ አሳምራ ታውቃለች። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እጀታው ስልሳ አራት ይላታል፤ ለራሷ የሚያሰጋት ነገር የለም። የሚያሰጋት ባሏ ነው።

ሮቤል ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የደሴን አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ነድቷል፤ የጣርማ በርን ቁልቁለት በጭጋግ ዓይኑን ጨፍኖ ይወርደው ነበር ይባላል። ዛሬ ከመኝታ ቤት ወደ መታጠቢያ ቤት የሚወስደውን በር አያገኘውም። የልጆቹን ስም ከረሳ አምስት ዓመት አልፎታል። መርፌው ለልብ ሠርቷል፤ ለአጥንት ሠርቷል፤ ለጭንቅላት አልሠራም። ጭንቅላት ደግሞ በሚዛኑ ውስጥ የለም። እጆቹ ግን መሪ ይዘው የኖሩ እጆች ናቸውና እጀታ ሲያዩ ዝም ብለው አያልፉም።

"ላላ አድርገው እንጂ፤" ትለዋለች ሶልያና በጆሮው።

"መሪ ላላ ተደርጎ ይያዛል?" ይላል ሮቤል፣ ጥርሱን ነክሶ እየጨበጠ። "ሕዝብ ጭኛለሁ እኮ!"

ሃምሳ ሰባት። አምና ሃምሳ ስምንት ነበር። መርፌውን የምትወጋው ሶልያና ራሷ ነች፤ በየስድስት ወሩ፣ አንድም ቀን ሳታዛንፍ፣ ለአሥራ ስምንት ዓመት። ባሌ ይኑርልኝ ብላ ነው። አሁን ያንን ስታስታውስ እጇን መቁረጥ ያምራታል።

ማስታወቂያው የተለጠፈው በጥር ማለቂያ ላይ ነው። ለሥራ ብቁ የሆነው የሚለይበት ሚዛን ሁልጊዜ በሐምሌ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ከሐምሌው በፊት ልዩ ሚዛን አለ ይላል፤ ሰኞ መጋቢት አሥር። ሶልያና አንብባ ምንም አልመሰላትም። የመሰላት ኢክራም ናት። ኢክራም አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ናት፤ ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ ባሏን ከቀበረች ቆይታለች፤ ለብዙ ዓመታት ሒሳብ አስተምራለች። ማስታወቂያው ፊት ቆማ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች።

"ሶሊ፣ ሁዳዴያችሁ መቼ ነው የሚገባው?"

"የካቲት አምስት።"

"የእኛ ረመዳን የካቲት አሥራ አንድ። ዒዱ መጋቢት አሥራ አንድ።" ኢክራም ፊቷ ተለዋወጠ። "ሚዛኑ መጋቢት አሥር። ከዒዱ በፊት በአንድ ቀን! ወላሂ፣ እነዚህ ሰዎች ቁጭ ብለው ቆጥረውታል። በሠላሳ ምናምን ዓመት አንዴ ሁለቱ ጾም ሲገጥም ጠብቀው!"

ነገሩን የማያውቅ ሰው የለም። የጾመ ሰው የሥጋ ዕድሜው በሦስት በአራት ይወርዳል፤ ተመራማሪዎቹ በአያቶቻችን ጊዜ የደረሱበት ነገር ነው። መጀመሪያ ጾመኞችን አመሰገኑ፤ ደማቸውን ቀዱ፤ ጻፉ። ከዚያ ጽሕፈት ቤቱ የጻፉትን አነበበ። ደሴ ግማሹ ሁዳዴን፣ ግማሹ ረመዳንን ይጾማል፤ በመጋቢት አሥር ከተማው በሙሉ ባዶ ሆዱን ተሰልፎ እጁን ይሰጣል። ሰዉ ለፈጣሪው ብሎ የተራበውን እነሱ በሰልፍ ይሰበስቡታል ማለት ነው።

ሶልያና ቁጥር ለመቀነስ የሒሳብ አስተማሪ አላስፈለጋትም። ከሃምሳ ሰባት ላይ አራት ሲነሳ ሃምሳ ሦስት ነው። ሮቤል ጾም ፈትቶ አያውቅም።

በማግሥቱ የሮቤልን የሐኪም ወረቀት ይዛ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ዳግማዊ ይባላል። ዘጠና አራት ዓመቱ ነው፤ ፊቱ የአርባ ዓመት ሰው ፊት ነው፤ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሶልያና ገና የልጅ ልጆቿን ትምህርት ቤት ስታመላልስ ነበር። በቢሮው በር ላይ እጀታ የለም። ኃላፊ አይመዘንም።

"ቁጭ በይ ልጄ፤" አላት። እንዲህ ያለ ለስላሳ ፊት "ልጄ" ሲላት ደሟ ፈላ፤ ግን ተቀመጠች።

"ባለቤቴ ራሱን አያውቅም። ሐኪሙ የጻፈው ይኸው። እባክዎ፣ ከሚዛኑ ያውጡልኝ።"

ዳግማዊ ወረቀቱን ሳያነሳ ከላይ ከላይ አየው። "ያሳዝናል። ግን የማስታወስ ጉዳይ መመሪያው ላይ የለም። ሚዛኑ ሥጋን ነው የሚመዝነው።"

"በሩን አያገኝም እያልኩዎት! ምን ሊሠራ ይችላል?"

"ሥራው ማሰብ አይጠይቅም። አምባር እናደርግለታለን። አንሳ ሲለው ያነሳል፤ አስቀምጥ ሲለው ያስቀምጣል። እንዲያውም ልንገርሽ፣ የሚረሱት ሰዎች ከሁሉም የተሻሉ ሠራተኞች ሆነው ተገኝተዋል። አይሰለቹም።"

ሶልያና ይህን የሚል ሰው ዓይኑ ምን እንደሚመስል ለማየት ቀና አለች። ደህና ዓይን ነበር፤ ንጹሕ፣ መነጽር የማያስፈልገው።

"ሲደነግጥ ማን እጁን ይይዘዋል?"

"አምባሩ ይሞቃል። ያረጋጋዋል።"

"እርስዎስ? ዘጠና አራት ዓመት ሞላዎት። ጡረታ አልናፈቀዎትም?"

"አገር ማገልገል ይጠገባል እንዴ ልጄ?" አለና ተነስቶ በሩን ከፈተላት። አነሳሱ የጎረምሳ ነበር።

ሶልያና ደረጃውን ስትወርድ ማነከስ ረሳች። ንዴቷ እግሯ ድረስ ወርዶ ነበር፤ መንገዱ ያን ቀን የሠላሳ ዓመት ሴት እርምጃ መዝግቦባታል።

የነፍስ አባቷ አባ ዘሚካኤል ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ፣ "የታመመ ሰው ጾም የለበትም። ወተቱንም ቅቤውንም ስጪው፤ የሚጠይቅሽ የለም። አንቺስ?" አሏት።

"እኔ እጾማለሁ አባ። የእኔን ጾም አልሰጣቸውም።"

"እንግዲያው እንደ አቅምሽ፤" አሏት።

ነገሩ እንዲህ ቀላል መስሏት ነበር። የካቲት አምስት፣ በሁዳዴ የመጀመሪያ ማለዳ፣ ትኩስ ወተትና የተቀቀለ እንቁላል ይዛ ገባች። ሮቤል አየው፤ ከዚያ እሷን አየ፤ ብርጭቆውን በጣቱ ገፋ አደረገው።

"ጾም አይደለም እንዴ?"

"አንተ እኮ ታመሃል። አባ ፈቅደውልሃል።"

"ማን ነው የታመመው?" አለ ተቆጥቶ።

የሚስቱን ስም አንዳንድ ቀን ይስታል። የበላውን ከደቂቃ በኋላ ይረሳል። ሁዳዴን ግን ያውቀዋል። ከመድኃኔዓለም ደወል ይሁን፣ ከቤቱ ሽታ ይሁን፣ ከየት እንደሚያውቀው እግዜር ይወቅ። የቀረችለት ነገር ያቺ ጾም ብቻ ነበረች፤ እሷን ነው ሶልያና ልትነጥቀው የተነሳችው። ያን ቀን አልበላም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቆ ከእሷ ጋር ሽሮ በላ።

በማግሥቱ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች።

"እንኳን አደረሰህ!"

"ለምኑ?"

"ለትንሣኤው ነዋ።"

ሮቤል ከአልጋው ላይ ቀና አለ። ፊቱ ላይ የወጣውን ደስታ ስታይ ያለችውን መልሳ መዋጥ አማራት። "ደረሰ? ቅዳሴ ሄድን?"

"ሄደን መጣን።"

"ሰገድኩ?"

"ምን የመሰለ ሰገድህ።"

"ለዚህ ነው ለካ ጉልበቴን የሚያመኝ፤" አለና ሳቀ። ጉልበቱ ምንም አልሆነም።

ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ በቅቤ የራሰውን ፍርፍር ፊቱ አስቀምጣ ወጣች። አጠገቡ መቀመጥ አልቻለችም። ሲበላ ማየት፣ እሱን አታልሎ ጾሙን ሲያስገድፉት ቆሞ ማየት፣ ከአቅሟ በላይ ነበር። ጓዳ ገብታ ዘጠኝ ጊዜ ሰገደች። ስትመለስ ሳህኑ ባዶ ነበር፤ ሮቤል በመሐረብ አፉን እየጠረገ ነበር። ተመስገን አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት በየማለዳው ፋሲካ ሆነ። ቅቤውንና እንቁላሉን የምታመጣው ኢክራም ነበረች። ራሷ እየጾመች፣ በደረቀ ጉሮሮ፣ ገበያ ወርዳ ገዝታ በአጥሩ ቀዳዳ ታቀብላታለች። ሶልያና ባሏ በየካቲት ሊወጋው የሚገባውን መርፌ ሻወር ቤት ውስጥ ደፋችው። ዳቦ ቤት ይዛው መሄድ ተወች፤ እጀታውን እንዳይለማመደው። ሽቅብና ቁልቁል እንዳይል ወንበሩን መስኮት ዳር አስጠግታ ጋቢውን ደርባለት ቁጭ አደረገችው። ሴት ባሏን ለማስረጀት ሌት ተቀን ስትለፋ ታይቶ አይታወቅም፤ እሷ ለፋች። በነርስነት ዘመኗ የተማረችውን ሁሉ ገልብጣ ሠራችበት።

ሮቤል ግን መስኮት ዳር ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ፋሲካ ነው ተብሏል።

"እንኳን አደረሳችሁ!" ይላል በሁዳዴ እኩሌታ፣ በረመዳን እኩሌታ፣ በባዶ ሆዱ እያነከሰ ወደ ዳቦ ቤት ለሚወርደው ሰው።

በመጀመሪያው ሰሞን ሰዉ ግራ ተጋብቶ ቀና እያለ ያየው ነበር። ኢክራም ነገሩን ለአንድ ሁለት ሰው ሹክ ካለች በኋላ ግን መንገዱ በሙሉ ገባው። ክርስቲያኑም እስላሙም ቆም እያለ፣ ወገቡን እንደያዘ፣ "እንኳን አብሮ አደረሰን አቶ ሮቤል!" ማለት ጀመረ። አንዳንዱ ዓይኑን እየጠረገ ያልፋል። ሶልያና ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ይህን ስትሰማ ዳግማዊን ትረግመው ነበር፤ በስሙ፣ በወንበሩ፣ በለስላሳ ፊቱ።

"አብሽሪ፤" ትላታለች ኢክራም በአጥሩ በኩል። "እየበላልሽ አይደል?"

"ሳህኑን ሙልጭ አድርጎ።"

"እንግዲህ ደህና ነው። ጉድ እኮ ነው፣ በዚህ ሁሉ ጾም የወፈረችው የእኔ ድመት ብቻ ናት። ሆዷ መሬት ሊነካ ነው። የማንን ቤት አይጥ እንደጨረሰች እንጃላት።"

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወር ውስጥ ሶልያና የሳቀችው ያን ቀን ብቻ ነው።

መጋቢት አሥር፣ ሰኞ፣ ከተማው በስፖርት አዳራሹ ተሰለፈ። ግድግዳው ላይ "የተጨመረልህን ዕድሜ ሥራበት" የሚል በትልቁ ተጽፏል። ሰልፉ ጸጥ ያለ ነበር፤ የጾመ ሰው ብዙ አያወራም። ሶልያና ስልሳ አንድ ወጣላት፤ ጾሙ ሦስት ቀንሶባታል። ኢክራም እጇን ከሚዛኑ ሣጥን አስገብታ አወጣች። ሃምሳ ስድስት። ለጥቂት አመለጠች፤ ሶልያናን ትከሻዋን ጨምቃት ሄዳ በሩ ዘንድ ቆማ ጠበቀች።

ሮቤል ተራው ሲደርስ ልብሱን አስተካከለ። እጁን ከሣጥኑ አስገባ። ሶልያና ያለፉትን ሠላሳ አራት ቀናት በልቧ ቆጠረች፤ ሠላሳ አራት እንቁላል፣ ሠላሳ አራት ብርጭቆ ወተት፣ ያ ሁሉ ቅቤ። ስልሳ ቢል አይገርማትም ነበር።

ሃምሳ ሦስት።

"ብቁ! እንኳን ደስ ያለዎት!" አለ ሣጥኑ፤ ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጡት ሦስት ሰዎችም እንደታዘዙት አጨበጨቡ።

"ተሳስቷል፤" አለች ሶልያና። ድምፅዋ ከራሷ አፍ የወጣ አልመሰላትም። "ይደገምልኝ። ይደገም!"

"አይደገምም እማማ። ምድቡ ወጥቷል፤" አላት ከሦስቱ አንዱ። አፍዴራ፣ የጨው ሜዳ። መነሻ ማክሰኞ መጋቢት ሃያ አምስት፤ በሰሙነ ሕማማት ማለት ነው።

"አለፍኩ?" አለ ሮቤል፣ ጭብጨባው አስደስቶት። "መንጃ ፈቃዴን አደሱልኝ?"

ሶልያና እጁን ይዛ ወጣች።

በማግሥቱ ዒድ ነበር፤ ከኢክራም ቤት የሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። ሶልያና ምን ታድርግ፣ እጇ የለመደውን ሠራ። እንቁላሉን ቀቀለች፤ ወተቱን አሞቀች፤ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች። "እንኳን አደረሰህ፤" አለችው በሞተ ድምፅ፤ አስቀምጣለት ጓዳ ገባች። ልትሰግድ ተንበረከከች፤ ጸሎት ግን አልመጣላትም። በአፏ የመጣው ስድብ ብቻ ነው። ተነስታ ተመለሰች።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የኢክራም ድመት መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች፤ ቤቷ ይመስል እግሯን ሰብስባ። ሮቤል እንቁላሉን በጣቱ እየቆረሰ፣ እያንዳንዷን እያቀረበ ያጎርሳታል። ወተቱን ሳህኑ ላይ ገልብጦላት ነበር። ፍርፍሩን ጨርሳለች። አንዷን ቁራሽ እንኳ ወደ አፉ አላስጠጋም። ድመቷ ስትጨርስ ሳህኑን በመሐረቡ ወለወለና ቦታው መለሰው፤ ከዚያ፣ ይህን ሁሉ ሠርቶ፣ አፉን ጠረገ።

"ሮቤል!"

ደነገጠ። እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። "አትቆጪኝ።"

"ለምን አልበላህም? ፋሲካ ነው አላልኩህም?"

"ብለሽኛል።"

"ታዲያ?"

ሮቤል ተነስቶ መጣና በአውራ ጣቱ ከንፈሯን ነካው። ከንፈሯ ከጾም የተነሳ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር።

"አንቺ አልበላሽም፤" አላት። "አንቺ ሳትበዪ ፋሲካ ይሆናል እንዴ?"

ሶልያና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሠላሳ አራት ማለዳ እንኳን አደረሰህ ብላ ምግቡን አቅርባ ወጥታለች፤ ሠላሳ አራት ማለዳ እሱ ደረቅ ከንፈሯን አይቷል። እያንዳንዱን ማለዳ ከዚያ በፊት የሆነውን ሳያስታውስ፣ እንደ አዲስ፣ ያንኑ አይቶ ያንኑ ወስኗል። በዘጠኝ ሰዓት ከእሷ ጋር የሚበላት ሽሮ ብቻ ነበረች ምግቡ፤ አብሯት ጾሟል ማለት ነው። አንዲት ቁራሽ ከፊቱ ብትጎርስ ኖሮ በልቶ ነበር። በየትኛው አገር ነው ሰው ለሌላው ፋሲካን አቅርቦ ራሱ ሳይቀምስ የሚወጣው? ይህን እሷ ማወቅ ነበረባት።

አለቀሰች፤ ለረጅም ጊዜም አለቀሰች። ልቅሶው ሲያልቅ ግን የቀረው ንዴት ነበር፤ ራሷ ላይ አልቆመም። ይህን ሰው ነው አይሰለችም ያሉት። ሁሉ ነገር ከጭንቅላቱ ወጥቶ አንዲት ጾምና አንዲት ሚስት የቀሩለትን ሰው፣ በቀሩለት በእነዚያው በሁለቱ ይዘው ሊወስዱት ነው።

ማክሰኞ መጋቢት ሃያ አምስት መናኸሪያው ሞልቶ ነበር። ለሮቤል አምባር አደረጉለት፤ ግራጫ፣ ቀላል፣ የማይወልቅ። አውቶቡሱን ሲያይ ግን ዓይኑ በራ። የሶልያናን እጅ ለቆ ቀጥ ብሎ ወደ ፊተኛው ወንበር ሄደ። እዚያ የሾፌር ወንበር የለም። አውቶቡሶች ራሳቸውን መንዳት ከጀመሩ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል።

"መሪው የታለ?" አለ ሮቤል፣ በሁለት እጁ አየሩን እየዳሰሰ። "ሶልዬ፣ መሪውን ማን ወሰደው?"

"ወደ ግራ፤" አለ አምባሩ በለሆሳስ። "ሦስተኛው ወንበር። ተቀመጥ።"

ሮቤል ወደ ግራ ሄደ። ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሶልያና አምስት ዓመት ሙሉ እሷ ብቻ ስትለው የሚሰማውን ሰው ሌላ ድምፅ ሲያዘው አየች።

በመስኮቱ በኩል እጇን ሰደደችለት። ሲጨብጣት አጥንቷን አሳመማት።

"ፋሲካ መቼ ነው?" አላት።

በዚያ ወር ስትዋሸው ኖራ አሁን ግን መዋሸት አቃታት። "እሑድ ነው። ገና አልደረሰም።"

"እንግዲያው ስመለስ አብረን እንፈታለን።"

"አብረን፤" አለችው።

አውቶቡሱ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ሲታጠፍ ሮቤል በመስኮቱ ለሰዉ እጁን እያውለበለበ ነበር። ሰዉ መለሰለት። ማንም አላነከሰም ያን ቀን፤ ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር የሚያየው። ሶልያና ልትመለስ ዞር ስትል የመናኸሪያው ሰሌዳ ላይ ዓይኗ አረፈ። አፍዴራ ላለው የሠራተኞች ክሊኒክ ነርስ ይፈለጋል። የሥጋ ዕድሜ ከሃምሳ አምስት በታች። ምደባ በሐምሌው ሚዛን ይሆናል። ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ሦስተኛ ጊዜ። ሰዉን እየገፋች ወጣችና ሽቅቡን በእግሯ ወደ ቤቷ ወጣች፤ አንድም ጊዜ ሳትቆም።

እሑድ ማለዳ ከተማው የቅቤና የዶሮ ወጥ ሽታ ይሸት ነበር። ሌሊቱን ቅዳሴ ያደረው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ጋደም ብሏል። ኢክራም በጀበና ሳይሆን በትልቅ ፔርሙዝ ሻይ ይዛ፣ ድፎዋን በመሶብወርቅ ሳይሆን በፌስታል ጠቅልላ፣ እንደ ድሮው በዓሉን ልታከብርላት መጣች። ሶልያና በሯ ላይ ጫማዋን እያሠረች ነበር።

"እንኳን አደረሰሽ ሶሊ! ወዴት ነው?"

"ለእኔ ገና ነው፤" አለች ሶልያና።

"ምኑ ነው ገና? ሰዉ ሁሉ ፈትቶ!"

"ሮቤል ሳይበላ ፋሲካ ይሆናል እንዴ?"

ኢክራም ፔርሙዙን ደፉ ላይ አስቀመጠች። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመች ሴት ፊት ላይ የማታውቀው ነገር አየች። "እስከ መቼ ልትጾሚ ነው?"

"እስከ ሐምሌ።"

"ሃምሳውን ቀን መጾም በእናንተ ክልክል አይደለም እንዴ?"

"ክልክል ነው። አባ ዘሚካኤል ሲሰሙ ይቆጡኛል። ይቆጡኝ።" ሶልያና ቀና አለች። "ጾማችንን ጠብቀው ወሰዱት አይደል? እንግዲያውስ የእኔን እስከ ጥጉ ይውሰዱት። ጦሳን በቀን ሁለቴ እወጣለሁ። ነርስ አይደለሁ? ሰው እንዴት እንደሚያረጅ ካወቅሁ እንዴት እንደማያረጅም አውቃለሁ። እንደደፋሁት ያለ መርፌ ከነገ ጀምሬ ራሴን እወጋለሁ። ሃምሳ አራት ብለው በእጃቸው ይጽፉልኛል፤ በእጃቸው ያጨበጭቡልኛል፤ በራሳቸው አውቶቡስ ባሌ ዘንድ ይወስዱኛል።"

ኢክራም ብዙ ልትላት ፈልጋ ነበር። ያለችው ግን፣ "ቆይ ጫማዬን ልቀይር፤ ሽቅቡን አብሬሽ እወጣለሁ፤" ብቻ ነው።

"ቁጥርሽ ይወርዳል። ሃምሳ ስድስት ነሽ፤ ይወስዱሻል።"

"እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ፤" አለች ኢክራም። "ከዚያ እኔ እያነከስኩ እመለሳለሁ።"

መንገዱ ባዶ ነበር። ሶልያና ቀጥ ብላ፣ እርምጃዋን አስረዝማ፣ መሬቱን እየመታች ወረደች፤ መንገዱ ይመዝግብ፣ አለች በልቧ። ዳቦ ቤቱ በበዓሉ ተዘግቶ ነበር። እጀታው ግን በዓል አያውቅም። ፊቱ ቆመች። ጣቷ ላይ ያለውን የጋብቻ ቀለበት ወደ ውስጥ አዞረችና፣ ሮቤል መሪ የሚይዘውን አያያዝ ያዘችው፤ በሁለት እጅ፣ ጥርስ ተነክሶ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራትም ቆጠረች፤ አምስትም።

መስኮቷ ስልሳ አለች።

"በአንድ ወረደ፤" አለች ኢክራም በሹክሹክታ።

ሶልያና እጀታውን አልለቀቀችም። "ስድስት ቀረኝ፤" አለች፤ እንደገና ጨበጠችው።